የፈቃዱ ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ገንዘቡ የሚገባበት ይታወቅ

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ጅቡቲ ከተማን የሚያውቃት በወደቧና በኮንቴይነሯ ነው። ከተማዋ ግን የአደንና የዓሣ ማስገር ፈቃድ ክፍያ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለውን ክርክር ለመመዘን ጥሩ ቦታ ናት። አደን በአገሪቱ ጭራሽ የተከለከለ ነው፤ ባሕሩ ግን ለአስጋሪ ክፍት ነው። ከድንበሩ ወዲያ ደግሞ አንዱን እንስሳ ለመግደል በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የምታስከፍለው ኢትዮጵያ አለች። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ለመዝናናት የሚያድንና የሚያሰግር ሰው ክፍያ ይጨመር፤ ነገር ግን ገንዘቡ እንስሳውን ለሚጠብቁትና ከእንስሳው ጋር ለሚኖሩት እንዲደርስ የሚያስገድድ አንቀጽ በዚያው ሕግ ውስጥ ካልገባ ጭማሪው ይቅር። ዓሣ ሸጦ የሚያድረው ሰው ክፍያ ግን ባለበት ይቆይ።

ከመጨረሻው ልጀምር። በቡላኦስ የዓሣ ወደብ የሚራገፈው ዓሣ የሚመጣው ከትናንሽ ባለሞተር ጀልባዎች ነው፤ ብዙው በክርና በመንጠቆ የተያዘ ነው። ጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የባሕር ጠረፍ አላት፤ በዓመት ከ40,000 ቶን በላይ ዓሣ ሊያዝ እንደሚችል ይገመታል፤ የሚያዘው ግን ጥቂት ሺህ ቶን ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው። በሐሩሩ ወራት ካምሲን የተባለው ሞቃት ነፋስ ሲነሳ ትንሽ ጀልባ ባሕር አይደፍርም። ነዳጅና በረዶ ውድ ነው። ሕዝቡም በአርብቶ አደር ባህሉ ከዓሣ ይልቅ ሥጋ ይወዳል። እርግጥ ለከተማዋ ቅርብ የሆኑት የኮራል ዳርቻዎች ከሩቁ ባሕር ይልቅ ጫና አለባቸው። ቢሆንም የዚህ አስጋሪ ፈቃድ ለመንግሥት የሚጠቅመው በገቢነቱ ሳይሆን በመዝገብነቱ ነው፤ ማን፣ በምን ጀልባ፣ ከየት ተነሥቶ እንደሚያሰግር የሚታወቀው በፈቃዱ ነው። ክፍያው ሲወደድ አስጋሪው ማስገሩን አይተውም፤ ፈቃድ ማውጣቱን ይተዋል። መንግሥት ጥቂት ፍራንክ አገኛለሁ ሲል መዝገቡን ያጣል፤ በመንግሥት መዝገብ የሌለ ጀልባ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከሚገባ የውጭ ጀልባ ተለይቶ አይታወቅም።

ከኤስካል የጀልባ ማቆሚያ ተነሥቶ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ለሽርሽር የሚወጣው ግን ሌላ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ጦር ሰፈሮች አሉ፤ የዚያ ሁሉ ደመወዝተኛ የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፍበት ባሕር ይህ ነው። በኅዳርና በጥር መካከል በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየውን ግዙፍ ዌል ሻርክ ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣም አለ። ኮራልና ዛጎል መሰብሰብን፣ ኤሊ መያዝንና በጦር ዓሣ መውጋትን የሚከለክለው ድንጋጌ ከወጣ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ነው። ሕግ አልጠፋም። የሚያስፈልገው ነዳጅ ያለው የጥበቃ ጀልባና በወቅቱ የሚከፈለው ጠባቂ ነው። ይህን ወጪ በባሕሩ የሚዝናናው ቢሸፍን ማንም አይበደልም።

የኢትዮጵያ ተሞክሮ ዋጋ ብቻውን ምን ያህል እንደማይሠራ ያሳያል። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከባሌና ከአርሲ ተራሮችና ከአካባቢያቸው በቀር የትም የለም። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 የውጭ አዳኝ አንዱን ለማደን የሚከፍለው 15,000 ዶላር እንዲሆን ተወሰነ፤ ከአደን ክፍያው 85 በመቶ ለክልሎች እንዲሆንም ተደርጓል። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ድርሻ ነው። ወደ ክልል ካዝና የገባው ገንዘብ ግን ከመንገዱ፣ ከጤናውና ከደመወዙ ጋር ይቀላቀላል፤ የደጋ አጋዘን ገብስ የበላበት የጫካ ጎረቤት ገበሬ «የእኔ ድርሻ ይህ ነው» ብሎ የሚያሳየው ነገር እምብዛም ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ተመኑ ሳይነካ የአደን ፈቃድ በብር ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ ማለት ነው። የስካውቱ፣ ማለትም የዱር እንስሳት ጠባቂው፣ ደመወዝ ግን ከዶላሩ ጋር አልተሳሰረም። ከፍ ያለ ክፍያ በራሱ ጥበቃ ቢያመጣ ኖሮ፣ ያ ወቅት በሙኔሳም ሆነ በባሌ የአደን ቀበሌዎች የስካውቱን ኑሮና ትጥቅ በለወጠ ነበር።

ክፍያ ቢጨምር አዳኙ ወደ ታንዛኒያ ይሄዳል የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ለከርከሮ ዓይነቱ፣ ሌላም አገር ለሚገኘው እንስሳ፣ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ተመኑ ለሁሉም በአንድ መቶኛ መጨመር የለበትም። ለደጋ አጋዘን ግን አይሠራም፤ ሻጩ አንድ ብቻ ነውና።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሕይወት ለምን ይሸጣል፣ አደን ጨርሶ ይከልከል የሚለው ነው። ቁም ነገሩ የሚከበር ነው። ነገር ግን የክልከላን ውጤት ጅቡቲ ራሷ ታሳየናለች። አደን በተከለከለበት አገር፣ በዳይ ደን የምትኖረው የጅቡቲ ቆቅ ከዓለም ልትጠፋ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ያዳከማት በዋናነት ጥይት አይደለም፤ መኖሪያዋ የሆነው የጽድ ደን በድርቅ፣ በከብት ግጦሽና በእንጨት ቆረጣ መድረቁ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደን ከለከለች፤ ከዚያ እስከ 2016 ባለው ጊዜ የግጦሽ መሬቶቿ የዱር እንስሳት በአማካይ በ68 በመቶ እንደቀነሱ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ክልከላው ገደላቸው ማለቴ አይደለም። ከእንስሳቱ ጋር የሚኖረው ሰው ከሕይወታቸው ጥቅም ካላገኘ፣ ቢፈቀድም ቢከለከልም መሬቱን ለከብቱና ለእርሻው ያደርገዋል።

የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ደግሞ ገቢን ለአንድ ሥራ ብቻ ማሰር በጀትን ያጠብባል፣ ትምህርት ቤትም ሆስፒታልም የሚጠብቁት ካዝና ነው ይላሉ። በድሃ አገር ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ሆኖም ከፈቃድ የሚገኘው ገንዘብ ለአገር በጀት ኢምንት ነው፤ ለአንድ የጥበቃ ጣቢያ ግን ብዙ ነው። አሜሪካ በጦር መሣሪያና በጥይት ላይ የጣለችውን ግብር ለክልሎቿ ለማከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1937 ሕግ ስታወጣ፣ የአዳኞችን የፈቃድ ክፍያ ለሌላ ሥራ ማዋልን በሕግ ያልከለከለ ክልል ድርሻ እንዳያገኝ ወሰነች። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ክፍያ ሲጨመር አዳኞች ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚደግፉት ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነው።

በአዲስ አበባም ሆነ በጅቡቲ ከተማ አዲስ ተመን ሲቀርብ የምክር ቤት አባላትና ጋዜጠኞች ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ከዚህ ገንዘብ ለጠባቂው ስንት ይደርሳል? ለአካባቢው ነዋሪስ? ሒሳቡስ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን የሚያዘው አንቀጽ የትኛው ነው? መልስ ከሌለ ረቂቁን ይመልሱት።