ስቱዲዮ ውስጥ ያልፈረሰው «ደቡብ»

«አልተርኔቲቭ» የምትለዋ ቃል አዲስ አበባ ከገባች ሰነበተች። አንድ ወጣት ጊታሩን አስጩሆ፣ ወይም ክራሩን ከላፕቶፑ ጋር አጋብቶ አልበም ባወጣ ቁጥር ቃሏ ቀድማ ትደርሳለች፤ ጭብጨባው ይከተላል። እኛም ከሚያጨበጭቡት ውስጥ ነን። ከአንድ ኪቦርድ የወጣ ተመሳሳይ ዘፈን ስንሰማ ላደግን ልጆች፣ የተለየ ነገር የሞከረ ሁሉ ባለውለታችን ነው። ሶዶ ላይ ሆነን ስንሰማቸው ግን አንድ ነገር ይጎረብጠናል። ዛሬ እሱን እንናገር።

የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚባለው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አበቃለት። ሲዳማ በ2012 ቀድሞ ወጣ፤ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ፤ የቀረው ለሁለት ተከፈለና ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ካርታው ተቀየረ፣ ማኅተሙ ተቀየረ። በአዲስ አበባ ስቱዲዮዎች ውስጥ ግን ያ ክልል አልፈረሰም! እዚያ «ደቡብ» ማለት አሁንም አንድ ፎልደር ነው። ፎልደሩ ሲከፈት አንድ ፈጣን የከበሮ ምት፣ አንድ ጭብጨባ፣ ሦስት ተቀባዮች የሚሉት አንድ «ሆ!» ይገኛል። ወላይታውም፣ ጋሞውም፣ ጎፋውም፣ ዳውሮውም ከዚያው ፎልደር ይቀዳል። አልበሙ ሊያልቅ ሁለት ዘፈን ሲቀረው ይጨመራል፤ ክሊፑ ላይ ወገብ ይወዘወዛል፤ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ዱንጉዛ ይለበሳል። አለቀ። «ደቡብ» ተሸፈነ።

ይህን ቀልድ እኛ በሌላ ስም እናውቀዋለን። በ1992 ዓ.ም. ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን ደባልቆ «ወጋጎዳ» የሚባል የመማሪያ ቋንቋ ተፈጠረ። በማንም እናት አፍ ላይ ያልነበረ ቋንቋ በመጽሐፍ ታትሞ ክፍል ገባ። ሶዶ ተነሣች፤ ሰው ታሰረ፣ ሰው ሞተ፤ በመጨረሻ መጽሐፉ ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ ወላይታ የራሱ ዞን ሆነ። እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን፤ ታሪኩን ከቤት ሰምተነዋል። እና ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ በመጽሐፍ ሲመጣ ሰው የሞተበት ነገር፣ በሙዚቃ ሲመጣ ለምን ይጨበጨብለታል? «የደቡብ ምት» የሚባለው ነገር እኮ በከበሮ የተጻፈ ወጋጎዳ ነው።

ወደ አልበሞቹ እንምጣ። (የአልበሞቹን ዓመት በፈረንጅ እንቆጥራለን፤ የፖለቲካችንን በራሳችን።)

ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ፣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር፤ ሮክ በአማርኛ መጮህ እንደሚችል አሳየን። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም»ን አወጣ፤ እሱና እንደገና ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአዝማሪ ቤት ድምፅ ጋር አስታረቁ። ሮፍናን በ2018 በ«ነጸብራቅ» የዲጄውን ጠረጴዛ ወደ መድረኩ መሐል አመጣ፤ በ2022 በ«ስድስት» ቀጠለ። እነዚህን ሥራዎች ማንም አይንቅብንም፤ ሰምተናቸዋል፣ ጨፍረንባቸዋል።

ግን መሠረቱን እዩት። በዚህ ሁሉ ሙከራ ውስጥ ቤቱ የቆመበት ድንጋይ የትኛው ነው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጌጥስ? ክራሩ፣ መሲንቆው፣ አንቺ ሆዬና ትዝታው መሠረት ናቸው፤ የቀረነው ጌጥ ነን። «አልተርኔቲቭ» ማለት ከተለመደው መንገድ መውጣት ከሆነ፣ የወጡት ከተለመደው የድምፅ ቀለም እንጂ ከተለመደው የሙዚቃ ካርታ አይደለም። ጊታሩ ተቀይሯል፤ ካርታው ያው የድሮው ነው።

ካርታውን የሣሉት እነሱ አይደሉም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ዓለም ስለ እኛ ሙዚቃ የሚያውቀውን ቀርጿል። ከ30 ቅጽ በላይ አለው። ኮንሶ 12ኛው ቅጽ ደርሷታል፤ ትግርኛ 5ኛው፤ ዓሊ ቢራ 28ኛው። ለወላይታ አንድም የራሱ ቅጽ የለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ2013 ባወጣው «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ «ጋሞ»፣ «ጋምቤላ»፣ «ጉሙዝ»፣ «ሱርማ» የሚሉ ርዕሶች አሉ። እኚህ ሰው ስለ ደራሼ የቀርከሃ ነፊዎች በየመድረኩ ሲመሰክሩ ኖረዋል፤ ከማንም በላይ ወደ ደቡብ ያዩ ትልቅ ሰው ናቸው። ቢሆንም አንድ ሕዝብ በአንድ ርዕስና በጥቂት ደቂቃ ሲጠቃለል፣ የሚተርፈው ፖስትካርድ ነው። ፖስትካርድ ደግሞ ሲልኩት እንጂ ሲኖሩበት አይታይም።

«ምን ጎደለ ታዲያ?» ለሚለን እንመልስ። የጎደለው ሰው ነው። የእኛ አገር ዘፈን የአንድ ኮከብ ዘፈን አይደለም። አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል፤ የሚቀበለው ሕዝብ «ተቀባይ» ሳይሆን ዘፈኑ ራሱ ነው። በጎረቤታችን በዶርዜ ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ የየራሱን መንገድ ይዞ ይሄድና አንድ ዘፈን ይሆናል። በደራሼ ፊላ ደግሞ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በተራው ሲነፋ ነው። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው ይቀደዳል። ከዚህ የበለጠ «አልተርኔቲቭ» ሐሳብ የት አለ? ኮከብ የሌለው ሙዚቃ! ስቱዲዮው ግን ምን ያደርጋል? ሕዝቡን አውጥቶ ምቱን ያስቀራል፤ ከዚያ ምቱ ላይ አንድ ኮከብ ይጭናል። ሥጋውን ጥሎ ቅመሙን እንደ መብላት ነው።

ሌላው የጎደለው ስም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ጥሩ ሕግ ነው። የጊፋታ ዜማ ግን የሞት ቀን የለውም፤ የልደት ሰርተፍኬትም የለውም። ስለዚህ አልበሙ ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ይታለፋል። የየትኛው ሕዝብ? ከየትኛው ወረዳ? ማን አስተማራችሁ? ወላይትኛውን ማን አረመላችሁ? እነዚያ ሦስት ተቀባዮች ስም የላቸውም? ይህን መጻፍ ሕግ አይጠይቅም፤ አንድ መስመር ቦታና ትንሽ ይሉኝታ ብቻ ይበቃል። ፖል ሳይመን በ1986 «ግሬስላንድ»ን ሲሠራ ብዙ ተወቅሷል፤ የደቡብ አፍሪካን የባህል ማዕቀብ ጥሰሃል ተብሏል። እሱ እንኳ «ሆምለስ» በተባለው ዘፈን ላይ የሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞውን ጆሴፍ ሻባላላን የድርሰቱ ተካፋይ ብሎ ጽፏል፤ የዘፈኑም ትልቅ ክፍል በዙሉኛ ነው። ከኒው ዮርክ የመጣ ሰው ያደረገውን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ማድረግ እንዴት ያቅተዋል?

አሁን የሚመጣውን መልስ እናውቀዋለን፦ «ሙዚቃ ድንበር የለውም፤ እናንተ ደግሞ ሙዚቃንም በብሔር ልትከፋፍሉት ነው?» ቆይ እንጂ ወዳጄ! ማንም ወላይታ ያልሆነ ወላይትኛ አይዝፈን አላልንም። ይዝፈን፤ ደስ ይለናል። ድንበር የለውም የሚለው ሁሌ የሚነገረው ለሚወስደው መሆኑ ነው ያስገረመን። የሶዶ ልጅ ሮክ ልጫወት ብሎ አዲስ አበባ ቢሄድ «የአገርህን ተጫወት፣ እሱ ነው የሚያምርብህ» ይባላል። የአዲስ አበባው ልጅ የወላይታን ምት ሲወስድ «ሙከራ» ነው፤ የወላይታው ልጅ ሲጫወተው «ባህል» ነው። ይሄ ድንበር ካልሆነ ምንድነው? በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ «ወላይታ» የሚለው ስም ከሊስትሮ ሣጥን ጋር ተያይዞ ሲጠራ የሚሰማ ልጅ፣ ስሙ በሙዚቃም ከወገብ ውዝዋዜ ጋር ብቻ ሲጠራ ምን እንደሚሰማው አስቡት። እሱም እኮ ጭንቅላት አለው፤ ብቸኝነት አለው፤ ፍቅር፣ ንዴትና ጥያቄ አለው። ስለ እነዚህ የሚዘፍን ወላይትኛ አልበም «አልተርኔቲቭ» ተብሎ ሲጠራ የምንሰማው መቼ ነው?

ጣታችንን አዲስ አበባ ላይ ብቻ ቀስረን አንሄድም። ሶዶዬ፣ ነይ እስቲ አንቺም! መስከረም ደርሶ ጊፋታ ሲቃረብ ዩቲዩቡ በነጠላ ዘፈን ይጥለቀለቃል። ያው ኪቦርድ፣ ያው ምት፣ ያው አረንጓዴ መስክ፣ ያው ዱንጉዛ። አዲስ አበባ ፖስትካርድ ሠራብን ብለን እናማርራለን፤ ከዚያ ራሳችን ያንኑ ፖስትካርድ አባዝተን እንሸጣለን። በጥቅምት የሚያስታውሰው የለም። ሞያው የለም እንዳንል፣ የከተማችን ሕዝብ አብዛኛው ፕሮቴስታንት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ከፋፍሎ መዘመር የሚችል፣ ኪቦርድና ቤዝ ጊታር የሚጫወት ወጣት ሞልቷል። የጎደለው ጆሮና ድፍረት ነው፤ ሙሉ አልበም ሠርቶ «ይህ እኔ ነኝ» ማለት።

የኒጀሩን ምዱ ሞክታርን ስሙልን። የመጀመሪያ ጊታሩን ራሱ ሠራ፤ ክሩን ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ። ዘፈኖቹ በሰሃራ ምድር ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፉ። በ2021 «አፍሪክ ቪክቲም» የተባለው አልበሙ በአሜሪካ ኩባንያ ሲወጣም፣ የሚዘፍነው በዚያው በእናቱ ቋንቋ በታማሸክ ነበር። ምቱን ለዋና ከተማ ልጆች አውሶ አልተቀመጠም። ሮኩን ራሱ ወሰደው። ከአጋዴዝ ሶዶ ትበልጥ ይሆናል እንጂ አታንስም፤ ስልክም፣ ብስክሌትም አለን።

ሙዚቃ የምንጽፍ ወጣቶችም ብንሆን ከዚህ በኋላ «አዲስ አልበም ወጣ፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ መጻፍ ይብቃን። እሱ ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ይከፈልበታል። «የደቡብ» የተባለ ዘፈን ያለበት አልበም በደረሰን ቁጥር አራት ነገር እንጠይቅ፦ ዜማው የየት ነው? ከማን ተማራችሁት? የዘመሩት ስማቸው ተጽፏል፣ ተከፍሏቸዋል? ቃሉ በቋንቋው ትርጉም ይሰጣል ወይስ ድምፅ ማሞቂያ ነው? መልሱ ካለ በደስታ እንጽፋለን። ከሌለ ግን አልበሙ የቱንም ያህል ጊታር ቢያስጮህ «አልተርኔቲቭ» ብለን አንጠራውም። «የድሮው ነገር በአዲስ ቀለም» እንለዋለን።

ክልሉ እንኳን ፈርሷል። ፎልደሩንስ ማን ነው የሚያጠፋው?