ለየትኛዋ ሴት የትኛው ምርመራ? የጡት ካንሰር የምስል ምርመራዎች አመራረጥ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ በሚወስደው ጎዳና፣ እንዲሁም በገርጂና በመገናኛ ዙሪያ፣ የምስል ምርመራ የሚሰጡ የግል ተቋማት ተበራክተዋል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች ሴት በየትኛው ምርመራ እንደምትጀምር ብዙ ጊዜ የሚወስነው የሕክምና ምክንያት ሳይሆን የገንዘብ አቅምና የሰው ወሬ ነው። «ውድ የሆነው የተሻለ ነው» የሚለው ግምትም ስሕተቱን ያባብሰዋል።

ሦስቱ ዋና ዋና ምርመራዎች አንዱ የሌላው ምትክ አይደሉም፤ የሚያሳዩት ነገር የተለያየ ነውና። ማሞግራም ጡትን ተጭኖ በመያዝ በአነስተኛ ጨረር የሚነሣ ራጅ ነው። በእጅ የማይዳሰስ ዕጢንና የካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆኑ የሚችሉ ደቃቅ የካልሲየም ነጠብጣቦችን ያሳያል። ጥቅጥቅ ባለ ጡት ላይ ግን ይደክማል፤ ጤነኛው ሥጋም ዕጢውም ነጭ ሆነው ስለሚታዩ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ስለሚሠራ ጨረር የለውም። እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ወይም ጠጣር መሆኑን ይለያል፤ ናሙና የሚወስደውንም መርፌ ይመራል። ደቃቆቹን ነጠብጣቦች ግን ሊስት ይችላል፤ ውጤቱም በባለሙያው ችሎታ ላይ ይመሠረታል። ኤምአርአይ በመግነጢሳዊ ኃይልና በደም ሥር በሚሰጥ ኮንትራስት እየታገዘ ከሁለቱ የበለጠ ዕጢ ያገኛል። ሆኖም ጉዳት የሌለውንም አጠራጣሪ አስመስሎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ዋና ቦታው በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ተጋላጭነት ላላቸው ሴቶች ነው።

ይህ ልዩነት በኢትዮጵያ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። የጡት ካንሰር በአገሪቱ ሴቶች ላይ በብዛት የሚከሠት ካንሰር ሲሆን፣ ብዙዎቹ ታማሚዎች ከ50 ዓመት በታች ናቸው፤ በወጣትነት ደግሞ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው። ስለሆነም እብጠት ለዳሰሰች ከ30 ዓመት በታች ለሆነች ሴት አልትራሳውንድ፣ ከ40 በላይ ለሆነች ማሞግራም ከአልትራሳውንድ ጋር ሊቀድም ይገባል፤ በመካከል ላለችው ሐኪሟ ከሁለቱ በአንዱ ይጀምራል። ከሁሉ በላይ ግን «ማሞግራሙ ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት በእጅ የሚዳሰስን እብጠት ጉዳይ አይዘጋም። አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የናሙና ምርመራ ነው።

ራዲዮሎጂስቶች ግኝታቸውን ባይራድስ በተባለው መለኪያ ከ0 እስከ 6 ይመድባሉ። በዚህ መለኪያ 0 ማለት «ምንም የለም» ሳይሆን «ምርመራው አልተሟላም» ማለት ነው፤ 4 እና 5 ደግሞ ናሙና መውሰድን ይጠይቃሉ። ይህን ያልተነገራት ሴት 0 የሚለውን አይታ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ብትመለስ፣ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም።

መፍትሔው ማሞግራምን ማስፋፋት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስጀመረው የጡት ካንሰር ንቅናቄ ግን የሚቆጥረው መሣሪያን አይደለም፤ ምርመራው ሴቲቱ ለጤና ባለሙያ ከቀረበችበት ዕለት ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የቦሌ ተቋማት ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር የቁጥሩን ትርጉምና ቀጣዩን እርምጃ በአማርኛ ጽፈው ሊሰጡ፣ ናሙና ወደሚወሰድበት ቦታም በቀጠሮ ሊያስተላልፉ ይገባል። ይህ አዲስ መሣሪያ መግዛትን አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና የጥቂት ደቂቃ ማብራሪያ ይበቃዋል።