ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ሽጉጡ ግን አልሞተም

ፐብጂ የሚጫወት ልጅ ስለ መሣሪያ ብዙ ያወራል። የትኛው ሩቅ ይመታል፣ የትኛው ሲተኮስ ይዘላል፣ የትኛው ጥይቱ ቶሎ ያልቃል… ጠይቁት፤ ሳያስብ ይዘረዝርላችኋል። ከጨዋታው ወጥቶ ዩቲዩብ ሲከፍት ደግሞ አልጎሪዝሙ ሌላ ዓለም ያሳየዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ጎልማሶች ከ40 እና ከ50 ዓመት በፊት ምርታቸው የቆመ ሽጉጦችን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ያወዳድራሉ። እነዚህ ሽጉጦች ለጦርነት የተሠሩ አይደሉም። ሥራቸው ወረቀት መብሳት ነው። የዒላማ ሽጉጥ ይባላሉ።

ይህን የማነሳው ግዙ ለማለት አይደለም። እኛ አገር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። የማወራው ስለ ማወዳደሩ ነው። በየቪዲዮው የማየው ማወዳደሪያ ስልክ ስንገዛ ከለመድነው ሠንጠረዥ የተቀዳ ይመስላል። ክብደቱ ስንት ነው፣ በርሜሉ ምን ያህል ይረዝማል፣ ስንት ተመርቶ ነበር፣ ዛሬ ስንት ያወጣል። መጨረሻ ላይ አሸናፊ ይታወጃል፣ ሙዚቃ ይለቀቃል፣ አለቀ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ምርቱ የቆመን ዕቃ በዚህ መንገድ ማወዳደር ነገሩን ከጭራው መያዝ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ለምን ቆመ? አሁንስ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ነው።

እስቲ ከጥይቷ እንነሳ። ትንሽ ናት፤ እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ትመዝናለች። «ሪምፋየር» የሚሏት ባሩዱን የሚለኩሰው ኬሚካል እንደ ሌላው ጥይት ከቀለሁ መቀመጫ መሐል ሳይሆን ጠርዙ ውስጥ ዙሪያውን ስላለ ነው። የሽጉጡ መርፌ ጠርዙን ሲመታው ትተኩሳለች። ዋነኛዋ ዓይነት፣ «ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል» የምትባለው፣ አሜሪካ ውስጥ የወጣችው በ1887 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ርካሽ ናት፣ እጅ አታንገጫግጭም። በ25 ሜትር ርቀት የሚተኮስበት የውድድር ዒላማ መሐል ያለው የ10 ነጥብ ክብ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር ነው። ከሻይ ብርጭቆ አፍ አይበልጥም። አንድ እጅ ዘርግቶ፣ ትንፋሽ ይዞ፣ እሷን ክብ ደጋግሞ መምታት ነው ስፖርቱ።

ትልቁ ነገር ይቺ ጥይት መጠኗ አለመቀየሩ ነው። ኮልት በ1915 ያወጣው ሽጉጥ ዛሬ ከሱቅ የተገዛ ጥይት ይጎርሳል። ስልክ በቀየረ ቁጥር ቻርጀር ለሚቀይር ሰው ይህ ተአምር ነው። ብቻ አንድ ማሳሰቢያ አለ። መጠኗ ባይቀየርም ኃይሏ ጨምሯል። የመጀመሪያዎቹ ኮልቶች ለፈጣኑ ጥይት አልተሠሩም፤ ፋብሪካው ከኋላ ያለውን የሞላ ማቀፊያ ያጠነከረው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይህን ያላወቀ ባለቤት ከአያቱ የወረሰውን ሽጉጥ ጠንካራ ጥይት እያጎረሰ ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር የትኛው የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ላይ ይጻፋል?

አሁን ወደ «ለምን ቆመ?» እንምጣ። ሽጉጥ በተለያየ መንገድ ነው የሚሞተው። አንዱ መንገድ ሕግ ነው። በኦሊምፒኩ የፈጣን ተኩስ ውድድር ተኳሹ ለአምስት ዒላማ አምስት ጥይት ይተኩሳል፤ መጀመሪያ በ8 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በ6፣ መጨረሻ በ4። ለዓመታት በዚህ ውድድር «ሃያ ሁለት ሾርት» የምትባል አጭርና ደካማ ጥይት ይፈቀድ ነበር፤ ሽጉጡ ሲተኮስ ብዙም ስለማይነቃነቅ ለፍጥነት ትመቻለች። የጀርመኑ ዋልተር «ኦኤስፒ» የሚባለውን ሽጉጡን ለእሷ ነበር የሠራው። ከ2005 ጀምሮ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕጉን ቀየረ፤ ጥይቷ ሎንግ ራይፍል እንድትሆን፣ ቃታውም ቢያንስ 1 ኪሎ ግፊት እንዲጠይቅ ደነገገ። ኦኤስፒው አልተሰበረም፣ አልዛገም። ዛሬም እንደ ትናንቱ ይመታል። ውድድር ላይ ግን አይገባም። ስልካችሁ ደህና ሆኖ ሳለ የባንኩ አፕ «ስልክዎ አርጅቷል፣ አልከፍትም» ሲላችሁ የሚሰማችሁን አስቡት፤ እሱ ነው።

የሶቪየቶቹ ደግሞ የባሰ ነው። ለ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ «ሬኮርድ» የተባለ ተገልብጦ የተሠራ የሚመስል ሽጉጥ ይዘው ቀረቡ። በርሜሉን ከተኳሹ እጅ ትይዩ ዝቅ አድርገው አስቀምጠውታል፤ ስለዚህ ሲተኮስ ወደ ላይ የመዝለል ጉልበቱ ይቀንሳል። ብልህ ሐሳብ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕጉ እንዲህ ያለውን ቅርጽ ከለከለ፣ ሽጉጡም ታሪክ ሆኖ ቀረ።

ሌላው መንገድ ዋጋ ነው፤ ለእኔ አስገራሚው ይሄ ነው። ዉድስማን የሚባለው የኮልት ሽጉጥ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ ከ1915 እስከ 1977 የተመረተ ነው። ሰው ዛሬ ሲያየው የሚያደንቀው አካሉ ከድፍን ብረት ተፈልፍሎ መሠራቱን ነው። በ1949 ግን ቢል ሩገር የሚባል ሰው ከሸሪኩ ከአሌክሳንደር ስተርም በተገኘ 50,000 ዶላር ኮነቲከት ውስጥ ሥራ ጀመረ። የሽጉጡን አካል ከሁለት ተጨፍልቀው ከወጡ የብረት ግማሾች በይዶ ሠራው፤ በ37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሸጠው። እየቆየም ኮልት ያንን ሁሉ የመፈልፈል ሥራ እየከፈለ መቀጠል አልቻለም። ዛሬ ሰብሳቢዎች ዉድስማንን የሚያሞግሱበት ጥራት የገደለው ያው ጥራት ነው። የበየደው ሰው ድርጅት አሁንም አለ።

ስለዚህ ዉድስማንንና የሩገርን «ማርክ ቱ» በሠንጠረዥ ስታወዳድሩ ዉድስማን በውበት ያሸንፋል። እኔም አልክድም፣ ያምራል። ነገር ግን ማርክ ቱ የሞተው በሦስተኛው መንገድ ነው፤ ልጁ ተካው። ከ1982 እስከ 2004 ተመርቶ ቦታውን ለማርክ ሥሪ ለቀቀ፣ በ2016 ደግሞ ማርክ ፎር መጣ። ቤተሰቡ ዛሬም በሕይወት አለ። መለዋወጫ የሚሠሩለት ሌሎች ድርጅቶች አሉ፣ አሠራሩን የሚያውቅ ባለሙያም ሞልቷል። ጣጣ የለውም ማለቴ አይደለም። ማርክ ቱን ለማጽዳት ፈትቶ መልሶ መግጠም ባለቤቶቹ የሚሳለቁበት ፈተና ነው፤ መዶሻውን ትክክለኛ ቦታ ላይ ካላስቀመጣችሁት እንደገና «ሀ» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ማርክ ፎር ይህን በአንዲት ቁልፍ ፈታው። ምርቱ የቆመው ሁሉ ከአዲሱ ይሻላል የሚሉ ሰዎች እቺን ቁልፍ ሲያዩ ዝም ይላሉ።

ሀይ ስታንዳርድ ደግሞ የድርጅቱ ሞት ምሳሌ ነው። ይህም የኮነቲከት ድርጅት ነበር፤ ሽጉጦቹ በአሜሪካ የዒላማ ሜዳዎች ለአሥርት ዓመታት ነግሠው የኖሩ ናቸው። ቃታቸው ሳይንፏቀቅ ድንገት ነው የሚለቀው። በ1984 ፋብሪካው ተዘጋ። በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ስሙን ይዞ የተነሣ ሌላ ድርጅት ነበር፤ እሱም ቆሟል። ታዲያ ዛሬ ሀይ ስታንዳርድ የያዘ ሰው የሚጨነቀው ስለ በርሜሉ አይደለም፤ በርሜሉ እሱን ይቀብረዋል። የሚጨነቀው ጥይት ስለሚሞላበት ካዝና ነው። ካዝናው አናት ላይ ጥይቷን የሚያቅፉ ሁለት ስስ የቆርቆሮ ጠርዞች አሉ። እነሱ በጥቂቱ ከሰፉ ወይም ከጠበቡ ጥይቷ ተጋድማ ትነክሳለች። ደግሞ ካዝናው ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ እጀታው ያዘመመው ሽጉጥ ካዝና እጀታው ቀና ላለው አይሆንም። እንግዲህ አስቡት፣ ስንት ውድድር ያሸነፈ ብረት በአንዲት ቆርቆሮ ምክንያት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል።

ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ታሪክ አይደለም። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ሰናድር፣ አልቢን… እነዚህን ስሞች ከአያቶቻችሁ አፍ፣ ከፉከራና ከቀረርቶ ሰምታችኋል። ሁሉም ምርታቸው የቆመ መሣሪያዎች ስም ናቸው። ውጅግራ ፈረንሳይ በ1874 የታጠቀችው የግራ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳይ ራሷ በ1886 ወደ ለበል ጠመንጃ ተሻገረች። የኛ አባቶች ግን በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ውጅግራ ይዘው ተሰልፈዋል። ለአምራቹ ያረጀ፣ ለያዘው አዲስ ነበር። ውጅግራን በኋላ ጠመንጃነቱን ያሳጣው ምን ይመስላችኋል? በርሜሉ አይደለም፤ ጥይቱ መጥፋቱ ነው። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ለሠርግ ፎቶ ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ የዩቲዩቡን ሠንጠረዥ ቢያይ መጀመሪያ «ጥይቱስ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው።

ሠንጠረዥ ውስጥ የማይገባ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የእጅ ስሜት። በዚህ ላይ ከሚካኤል ማርጎሊን የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። በ1906 የተወለደ ሩሲያዊ ነው። ገና በወጣትነቱ ጭንቅላቱን ቆስሎ ዓይኑ ጠፋ። መሣሪያ መንደፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው! ሥዕል ማየት ስለማይችል ክፍሎቹን በሚቦካ ነገርና በእንጨት እየሠራ በጣቱ ዳስሶ ያስተካክል ነበር፤ ንድፉን ወረቀት ላይ የሚያሰፍሩለት ሌሎች ነበሩ። በስሙ የሚጠራው የዒላማ ሽጉጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢዠቭስክ ውስጥ ይመረት ጀመር፤ በዓለም ውድድሮችም ታየ። (ስታር ዋርስን ያያችሁ ደግሞ ሳታውቁት አይታችሁታል፤ በ1977ቱ ፊልም ልዕልት ሌያ የያዘችው መሣሪያ ከማርጎሊን ሽጉጥ የተሠራ ነው።) እስቲ እሱን ሽጉጥ በወረቀት ላይ ከስዊዘርላንዱ ሄመርሊ ጋር አስተያዩት። የሄመርሊው ብረት ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ነገሩ እንደ ሰዓት ተለክቶ የተሠራ ነው። የማርጎሊኑ ቀለም የፋብሪካ ነው፣ ጌጥ የለውም። ማየት የማይችል ሰው ለእጅ ብሎ የሠራውን ዕቃ ግን በፎቶና በቪዲዮ መፍረድ ለእኔ አስቂኝ ነው። ሳትይዙት ምን ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ ሰብሳቢዎቹ ይቆጡኛል። የእነሱ ክርክር ቀላል አይደለም፤ በተተኮሰ ቁጥር ይበላል፣ ክፍሉ ደግሞ አይተካም፣ ስለዚህ ከነካርቶኑ በብረት ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ለመጪው ትውልድ ማቆየት ነው ይላሉ። ለአንዳንዱ እውነት ነው፤ ለሙዚየም የሚሆኑ ጥቂቶች መቀመጥ አለባቸው። ችግሩ ያልተተኮሰው ከተተኮሰው በብዙ እጥፍ ሲወደድ ሁሉም ባለቤት መተኮስ መፍራቱ ነው። የማይተኮስ ሽጉጥ አይበላሽም፤ የማይበላሽ ሽጉጥ ጠጋኝ ጋ አይሄድም። ጠጋኙ ደግሞ በአየር አይኖርም። የካዝናውን ጠርዝ በስንት ሚሊሜትር እንደሚያጥፍ የሚያውቀው አዛውንት ሱቁን ሲዘጋ እውቀቱን የሚረከበው ልጅ ካላገኘ፣ ካርቶን ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ጌጥነት ይለወጣሉ። ፋብሪካው ሲዘጋ አንድ ጊዜ ሞቱ፤ ጠጋኙ ሲያርፍ ሁለተኛው ይሆናል።

የመተኮስ እውቀትም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ አሮጌ ሪምፋየር ሽጉጥን ባዶውን ቃታ እየሳቡ መለማመድ በብዙዎቹ ላይ አይመከርም፤ መርፌው የሚያርፍበት የጥይት ጠርዝ ሲያጣ የበርሜሉን አፋፍ እየወቀረ ያበላሸዋል። ይህን የሚነግራችሁ አብሯችሁ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ነው። ሻጩ አይነግራችሁም፣ እሱ ለመሸጥ ነው የመጣው።

ታዲያ አሜሪካም ይሁን አውሮፓ ያለ ወንድማችሁ፣ በአገሩ ሕግ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለስፖርቱ አንድ አሮጌ የዒላማ ሽጉጥ ልገዛ ነው ብሎ ቢደውል ምን ትሉታላችሁ? እኔ ብሆን ቀለሙን ተወው እለዋለሁ። ስንት ካዝና አብሮ ይመጣል፣ ሁሉስ ያጎርሳሉ ወይ ብለህ ጠይቅ። በመኪና ሁለት ሰዓት ርቀት ውስጥ ያንን ሞዴል የሚጠግን ሰው አለ ወይ? በምትወዳደርበት ክበብ ሕግ ይገባል ወይ? ለእነዚህ መልስ ካገኘ በኋላ ስለ ውበት እናወራለን። አንድ ካዝና ብቻ ያለው የሚያብረቀርቅ ሀይ ስታንዳርድና ቀለሙ የተፋቀ፣ አራት ካዝና ያለው ማርክ ቱ በአንድ ዋጋ ቢቀርቡለት ማርክ ቱን ውሰድ ነው የምለው። ሀይ ስታንዳርዱን ካልወሰድኩ ሞቼ እገኛለሁ ካለ ደግሞ ይውሰድ፤ ብቻ መጀመሪያ የጠጋኙን ስልክ ቁጥር ይያዝ፣ ሰውየው እንዳለም ደውሎ ያረጋግጥ።