ሰውነት ጆንያ አይደለም!

«ሆድና ግንባር አይሸሸግም» ይላል ያገራችን ሰው። ድሮ ይህ አባባል እምብዛም አያሳፍርም ነበር። እንዲያውም ከወራት በኋላ ያገኘነው ወዳጅ «ተመችቶሃል፣ ወፈር ብለሃል!» ካላለን ኑሮ የከፋብን ይመስለን ነበር። ቦርጭ የሹመት፣ የሀብትና የሰላም ምልክት ሆኖ ኖሯል። ዘመን ሲገለበጥ ግን ምርቃቱ ስድብ ሆነ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያት መካከል ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ደርሰዋል። በዚያው በ2016 ከመቶ 22ቱ ደግሞ ከልክ በላይ የከሱ ነበሩ። አንዱ ጎረቤት ሲከሳ ሌላው የሚወፍርባት አገር ሆናለች ማለት ነው።

ችግር ካለ ሰባኪ አይጠፋም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በፉሪም በሰበታም በቡራዩም፣ ስፖርት ቤት የገባ ሰው የሚሰማው ስብከት አንድ ነው፦ «ካሎሪ ገቢ፣ ካሎሪ ወጪ። ከምታወጣው በታች ብላ። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው።» እኔም ብዕሬን ያነሣሁት ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመሞገት ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነውን?

በመጀመሪያ ለሰባኪዎቹ የሚገባቸውን ልስጥ። የካሎሪ ሂሳብ እውነት ነው። ሰውነት ስብን ከአየር አይፈጥርም፤ ያልገባ ነገር አይከማችም። ከዚህ ሕግ ያመለጠ ሰው የለም። «የጾም ምግብ አያወፍርም» እያልን በጭልፋ ዘይት የምናፈስበትን ሽሮ የምናሞካሽ ሁሉ ይህን ልብ እንበል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 120 ገደማ ይሆናል። ዘይቱ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ሰውነት የቀን መቁጠሪያ አያይም።

«ካሎሪ ውሸት ነው፣ የሚያወፍረው እንጀራ ነው» የሚሉትም ቢሆኑ ከእንጦጦ ጀርባ ወርደው ሱሉልታ ላይ የሚሮጡትን ልጆች ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 10 ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉትን ለሰባት ቀን እየመዘነ መዝግቦ ነበር። በቀን 3,200 ካሎሪ ገደማ ይበላሉ፤ የሚያወጡትም ከዚያው ጋር የተቀራረበ ነው። ከምግባቸው ከመቶ 64ቱ ኃይል ሰጪ ካርቦሃይድሬት ሲሆን፣ እንጀራም በገበታቸው ላይ አለ። እንጀራ መርዝ ቢሆን ኖሮ ሜዳልያዎቻችንን ማን ባመጣልን?

እስከዚህ ከሰባኪዎቹ ጋር አብረን ተጉዘናል። የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ባለሱቅ ከሰረ እንበል። ለምን ከሰረ ብለን ስንጠይቅ አንድ ሊቅ ብድግ ብሎ «ወጪው ከገቢው ስለበለጠ ነው» ቢለን ምን እንለዋለን? ዋሽተሃል አንለውም። ነገር ግን ምንም አልነገረንም። ኪራይ ጨምሮበት ነው? ዱቤ የወሰደው ጠፍቶ ነው? መንገዱ ተቆፍሮ ደንበኛ ሸሽቶ ነው? መዝገቡ መክሰሩን ይነግረናል እንጂ ያከሰረውን አይነግረንም። የካሎሪ ሰባኪዎች ስሕተትም ይኸው ነው፤ መዝገቡን ከምክንያቱ ጋር አምታተውታል።

ሁለተኛው ስሕተታቸው ሰውነትን እንደ ጆንያ መቁጠራቸው ነው። ጆንያ የከተቱበትን ይይዛል፣ የቀነሱለትን ያህል ይጎድላል። ሰውነት ግን እንደ ቤተሰብ ነው። ደመወዝ ሲዘገይ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? መብራት ያጠፋል፣ ሥጋውን ይተዋል፣ የልብሱን ነገር ለከርሞ ያቆየዋል። ሰውነትም ገቢው ሲቀንስበት ወጪውን ይቆርጣል። አሜሪካዊው አንሴል ኪስ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር በግማሽ ምግብ አኖሯቸው። ዓላማው በጦርነቱ የተራቡትን እንዴት መመለስ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ዕረፍት ላይ ሆነው የሚያቃጥሉት ኃይል ግን ከዚያም በላይ፣ በ40 ከመቶ ገደማ ወረደ። የልብ ምታቸው ዘገየ፣ በበጋ በረዳቸው፣ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። ወጪውን የቆረጠው የወጣቶቹ ስንፍና ሳይሆን ራሱ ሰውነት ነው።

«በረሃብ ጊዜ ወፍራም አይታይም» የሚለው ክርክርም ብዙ ጊዜ ይመጣል። ይህን የሚናገር ሰው የ66ንና የ77ን ዘመን ለሰማ ኢትዮጵያዊ ሲናገር ቢያንስ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ይሻል ነበር። አዎን፣ ረሃብ ያከሳል። ጡንቻንም፣ ልብንም፣ አእምሮንም ያከሳል። ጥያቄያችን ግን ሰው በምን ይመነምናል አይደለም፤ ሰው ጤናውን ሳያጣ ክብደቱን በምን ይቀንሳል ነው።

ደግሞስ ሁሉም ሰውነት በእኩል ያተርፋል? በካናዳ ላቫል ዩኒቨርሲቲ ክሎድ ቡሻርና ባልደረቦቻቸው 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮችን በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን 1,000 ካሎሪ በትርፍ እያበሉ 100 ቀን አቆዩአቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ትርፉ ለሁሉም እኩል ነበር። የጨመሩት ክብደት ግን ከ4 ኪሎ ጥቂት ከፍ ከሚለው ጀምሮ እስከ 13 ኪሎ ድረስ ተራራቀ። የሚገርመው፣ መንታ ከመንታው ጋር ተቀራረበ፤ ከሌላው ጥንድ ጋር ተለያየ። መዝገቡ በሁሉም ላይ ተወራርዷል፤ የወጪውን ብዕር የያዘው ግን በከፊል የተወለዱበት ደም ነው።

አሁን ወደ ፉሪ እንመለስ። አንዲት የፉሪ እናት እናስብ። ሥራቸው መሐል አዲስ አበባ ነው። ታክሲ ሰልፍ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ይነሣሉ፤ ማታ ሲመለሱ ጨልሟል፣ ልጆች ይጠብቃሉ፣ ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ይታጠባል። ጠዋት ሰልፍ ላይ በኪሳቸው አቅም የሚገኘው ቦምቦሊኖ ወይም ሳምቡሳ ነው። ሌሊት የሚተኙት አምስት ሰዓት ቢሆን ነው። ሰባኪው እኚህን እናት «ቀንሰው ይብሉ፣ ይንቀሳቀሱ» ይላቸዋል። ሱሉልታ ላይ ለሚሮጠው ልጅ ሩጫ ሥራው ነው፤ እንቅልፉም የሥልጠናው ክፍል ነው። ለእርሳቸው ግን እንቅልፍ ራሱ ቅንጦት ሆኗል።

እንቅልፍ ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 10 ወፍራም ሰዎችን በተመሳሳይ የተቀነሰ ምግብ ሁለት ጊዜ ፈተናቸው፤ አንድ ጊዜ 8 ሰዓት ተኩል፣ አንድ ጊዜ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እየዋሉ። በሁለቱም ጊዜ ሚዛኑ ወደ 3 ኪሎ ገደማ ቀነሰ። እንቅልፍ ባነሰ ጊዜ ግን ከስብ የጠፋው በ55 ከመቶ አነሰ፤ የቀረውን ያዋጣው ጡንቻና ሌላው አካል ነው። ካሎሪው አንድ፣ ኪሎው አንድ፣ የከሳው ነገር ግን ሌላ! ካሎሪ ብቻውን ሁሉን ይወስናል የሚል ካለ ለዚህ መልስ ያምጣ።

የምግቡ ዓይነትስ? ኬቪን ሆል የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት 20 ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ እቤት እንደሚሠራው ያለ ምግብ አቀረቡላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቀደላቸው። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጨመሩ። በሌላው ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። የበሉት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ባሕርያቸው በሁለት ሳምንት አልተለወጠም። የተለወጠው ሳህናቸው ነው። እንግዲህ «ገቢ» የምንለውን የሚወስነው ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ የሚሸጠውም ነው።

ሌላም አለ። በ2016ቱ ጥናት በትዳር ካሉ ኢትዮጵያውያት ከመቶ 23ቱ የወሊድ መከላከያ መርፌ ይወስዱ ነበር። በየሦስት ወሩ የሚሰጠው ይህ መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት እንደሚጨምር ሐኪሞች ያውቃሉ። መርፌው ብዙ እናቶችን ከብዙ መከራ ያተረፈ ነውና ይጣል አላልኩም፤ የከበዳት ሴት ሐኪሟን አማክራ ሌላ ዘዴ መምረጥ ትችላለች። የምለው ግን፣ ስለዚህ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ «እትዬ፣ ተደብቀው እየበሉ ነው» የሚል አሰልጣኝ ሚዛን ያንብብ እንጂ ሰው አያንብብ ነው።

የስብከቱ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ሂሳቡ ትክክል ስለሆነ፣ ሂሳቡ ያልሠራለት ሰው ሁሉ ውሸታም ወይም ሆዳም ተደርጎ ይቆጠራል። የተዋረደ ሰው ደግሞ ሁለት በር ብቻ ይቀረዋል። አንዱ ራሱን አስርቦ መውደቅ ነው። ሌላው «በአሥር ቀን የሚያከሳ ሻይ» የሚቸረችረው አታላይ በር ነው። የካሎሪ ሰባኪዎች አታላዩን ይረግማሉ፤ ገበያተኛውን የሚልኩለት ግን ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አሰልጣኝ ሆይ፣ ስለ ሳህን ከመጠየቅህ በፊት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሥራ ሰዓት ጠይቅ። ሐኪም ሆይ፣ «ቀንሺ» ብለህ ከማሰናበትህ በፊት መርምር። ሹማምንትም ሆይ፣ ሕዝብ ይንቀሳቀስ የምትሉ ከሆነ መራመጃ የእግረኛ መንገድ ሥሩለት፤ ሌሊቱን የሚበላበትንም የትራንስፖርት ሰልፍ አሳጥሩለት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ዘይቱን ቀንስ፤ ሂሳቡ አይምርህም። ነገር ግን ሚዛን ላይ የቆመውን ጎረቤትህን በዚያ ቁጥር አትፍረድበት። ሚዛኑ የሚናገረው ስንት እንደሆነ ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቀው፣ ተጠይቆ የማያውቀው ባለቤቱ ነው።