ሳይቆጠር የሞተ በምን ሞተ ይባላል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የደበቀው ሕመምተኛው ሳይሆን መዝገቡ ሲሆንስ? እስኪ ጌዴኦን እንመልከት።

በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያና ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። አብዛኛው ጌዴኦ ገብቶ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየጅምር ሕንፃው ታጎረ። ከነሐሴ ጀምሮ «ወደ ቀያችሁ ተመለሱ» ተባለ። ሄደው ቤታቸውን አመድ ሆኖ ያገኙ፣ ለነፍሳቸው የሠጉ ብዙዎች ዞረው መጡ። በባለሥልጣን ወረቀት ላይ ግን «ተመላሽ» ናቸው! ሕዝቡን ለማስመለስ ሲባል እርዳታው እንደተገታ ረፊውጂስ ኢንተርናሽናል ኅዳር 2011 ላይ ዘግቧል። መጋቢት ላይ የገደብ ወረዳዋ ጎቲቲ የተራቡ ሕፃናት ለዓለም ታዩ። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄደው ጎበኙ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም ለሕክምና ደረሱ። ግንቦት ላይ መጠለያው ፈረሰ፣ ሰውም ተበተነ።

ታዲያ ስንት ሰው ሞተ? በምን? በረሃብ፣ በተቅማጥ፣ ወይስ በኩፍኝ? ይህን አጠናለሁ የሚል ሁሉ አስቀድሞ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ማን ነው «ታማሚ» የሚባለው? «አተት» የሚለው ስም ምልክቱን ይናገራል እንጂ አምጪውን አይናገርም። ባለሥልጣኖቻችን ኮሌራ የሚለውን ቃል ላለመጥራት ለዓመታት የተጠለሉበት ስም ነው። በስም ሽሽት ጥናት አይጀመርም።

ሁለተኛ፣ ከስንት ሰው መሀል? ከሺህ ሰው አሥር መሞቱና ከመቶ ሺህ አሥር መሞቱ አንድ አይደለም። ተፈናቃይ ከዝርዝር ሲፋቅ ሟቹ ብቻ ሳይሆን አካፋዩ ቁጥርም ይጠፋል። ስለዚህ ናሙናው ከእርዳታ ዝርዝር አይወሰድ! መንደሩ በዕጣ ይመረጥ፣ ከዚያ ቤት ለቤት ይኬድ። ሁሉም ያለቁበት ቤት ግን በሩን የሚከፍት የለውምና ጎረቤቱና ዕድሩም ይጠየቁ። እናት ቀኑን ብትረሳ «ከዳራሮ በፊት ነው በኋላ?» ሲሏት ታስታውሳለች።

ሦስተኛ፣ ከማን ጋር ይነጻጸር? ትግራይ ውስጥ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ከ1994 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰው ሆዱ እያበጠ፣ ጉበቱ እየተጎዳ ይሞት ነበር። ተመራማሪዎች የታመመውን ካልታመመው ጋር አነጻጸሩ፤ ውኃውን፣ እህሉን፣ አረሙን መረመሩ። ጣታቸው በመጨረሻ ያረፈው በአንድ አረም መርዝ ላይ ነው። ጌዴኦም ላይ መጠለያ የቆየው፣ ወደ ጉጂ የተመለሰውና አስጠጊው ነዋሪ ጎን ለጎን ይታዩ። የጉጂ ተፈናቃይም ይቆጠር እንጂ! ሞት ዘር አይመርጥም።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅና ሪፈራል ሆስፒታል አለው፤ አገሩንም ቋንቋውንም የሚያውቅ ሐኪም አለው። ሥራው ይሰጠው። ውጤቱ ግን መጥፎም ቢሆን ከባለሥልጣን መሳቢያ ሳይገባ ለሕዝብ ይውጣ። ነገ ሌላ መጠለያ ሲከፈት ስንት ምግብ፣ ስንት ክትባት፣ ስንት ሐኪም እንደሚያስፈልግ የሚነግረን የትናንቱ ቁጥር ነው። ያን ቁጥር የሚፈራ ባለሥልጣን ካለ፣ የሚፈራው በሽታውን ሳይሆን ተጠያቂነቱን ነው ማለት ነው!