እግር ሞልቶናል፤ የጎደለን ዓይን ነው

በማኅበራችን ጋዜጣ ስለ ስፖርት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ማን ማንን አሸነፈ፣ ስንት ለስንት ተለያዩ የሚለው ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ጭራሽ ስላልተደረገ ውድድር ነው። ትምህርት ተዘግቶ እያንዳንዳችን ሻንጣችንን ይዘን ወደየአገራችን ስንበተን፣ በየመንደራችን ልናደርገው ስንችል ሳናደርገው ስለምንቀረው ውድድር።

መጀመሪያ ራሴን ልክሰስ። የተወለድሁት በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ሽንፋ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለን አብሮን የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ማሽላ ሲያሽት ወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ ስንወጣ፣ እኛ በወንጭፍ የምናደርሰውን ድንጋይ እሱ በባዶ እጁ ያደርሰው ነበር። እሽቅድድም ከሆነ ደግሞ ማን አንደኛ እንደሚወጣ ስለምናውቅ የምንከራከረው ሁለተኛ ስለሚወጣው ብቻ ነበር። ይኸ ልጅ 100 ሜትሩን በስንት ሰከንድ ይሮጥ ነበር? ድንጋዩስ ስንት ሜትር ይሄድ ነበር? ማንም አያውቅም። ሜትር ይዞ የለካ፣ ሰዓት ይዞ የቆጠረ፣ ስሙን በወረቀት ያሰፈረ ሰው አልነበረም። ዛሬ የሰሊጥ ጆንያ በጀርባው እያዘለ መኪና ይጭናል።

ባለፈው ዕረፍት አገሬ ስገባ ከቀን ሠራተኞች ጋር ኳስ ሲጫወት አየሁት። ከሜዳው ዳር ተቀምጬ አጨበጨብሁለት። ኪሴ ውስጥ የነበረው ስልክ የሰከንድን መቶኛ ክፍል ሳይቀር የሚቆጥር ሰዓት አለው፤ አላወጣሁትም። ደብተርና እርሳስም ነበረኝ፤ አልጻፍሁም። እንግዲህ ልጁን ያላየው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ የተማረው ጓደኛውም አላየውም።

ይኸን ነገር በልቤ የቀሰቀሰው ስለ አንድ የአሜሪካ የተማሪዎች ውድድር ያነበብሁት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚባል፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት ጨዋታ አላቸው። ከኛ ገና ጋር የሚዛመደው በዱላው ብቻ ነው። የጨዋታው የመጨረሻ ከፍተኛ ደረጃ ሜጀር ሊግ ይባላል። በማሳቹሴትስ ግዛት ኬፕ ኮድ በሚባል ወደ ባሕር በገባ መሬት ላይ ደግሞ አሥር ክበቦች ያሉት አንድ ውድድር አለ። የሚደረገው የዩኒቨርስቲዎቻቸው ትምህርት ሲዘጋ፣ ለነሱ በጋ ለኛ ክረምት በሆነው ወራት ነው። ተጫዋቾቹ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። የሚያድሩትና የሚመገቡት በየመንደሩ በሚቀበሏቸው ቤተ ሰቦች ዘንድ ነው። ቀድሞ ብዙዎቹ ቀን ቀን እየሠሩ ማታ ማታ ይጫወቱ ነበር። ተመልካቹም ያለ ክፍያ ገብቶ ያያል።

ነገሩ እንዲህ ሲነገር የሰፈር ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ውድድር ከተጫወቱት ውስጥ ሜጀር ሊግ የደረሱት ከአንድ ሺሕ በላይ ናቸው። በ1967 በተማሪነቱ እዚያ የተጫወተው ተርማን መንሰን በ1976 የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። በ2012 በተማሪነቱ የመጣው አሮን ጀጅ በ2022 በአንድ የውድድር ዘመን 62 ጊዜ ኳስ ከሜዳ አጥር ውጭ በመምታት የአሜሪካን ሊግን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን የፍራንክ ቶማስ ታሪክ ነው። በ1986 ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ከታላላቆቹ ክበቦች አንዱ እንኳ አልመረጠውም። ዩኒቨርስቲ ገባ፤ በዕረፍቱ ኬፕ ኮድ እየሄደ ተጫወተ። በ1989 ሰባተኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በ1993 እና በ1994 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። የመጀመሪያው ዓይን ቢስተው ሁለተኛ የሚያይ ዓይን ነበረው ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ልንቀዳው የሚገባን ቤዝቦሉን አይደለም። አሠራሩን ስንመረምረው ሦስት ነገሮች ብቻ እናገኛለን። አንደኛ፣ ውድድሩ ተማሪው ነጻ በሆነበት ጊዜ ይደረጋል። ሁለተኛ፣ የመንደሩ ሰው ተጫዋቹን እንደ ልጁ ይቀበላል። ሦስተኛ፣ ከሜዳው ዳር የሚያይ፣ የሚለካና የሚጽፍ ሰው አለ። በ1985 ዱላውን ከብረት ወደ እንጨት የመለሱትም ለዚሁ ነው፤ ሜጀር ሊግ የሚጫወተው በእንጨት ዱላ ስለ ሆነ፣ ተማሪው በዚያው መሣሪያ ሲለካ እውነተኛው ችሎታው ይታወቃል። ከሦስቱ ውስጥ ገንዘብ አብዝቶ የሚጠይቅ የትኛው ነው? እንግዳ መቀበልንስ ማን ያስተምረናል?

«ይኸ ለባለጸጋ አገር እንጂ ለኛ አይሆንም» የሚል ወዳጅ ይኖራል። ለሱ የምመልሰው ከአርሲ ነው። በቆጂ የሚባለው ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርቷል። ደራርቱ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ በ1996 በአትላንታ ማራቶን አሸነፈች። ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ2008 በቤጂንግ እያንዳንዳቸው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ወርቅ አጠለቁ። የበቆጂ አየር ቀጭን ነው፤ ከተማው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ልጆቹም ጠንካሮች ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ከፍታና እንዲህ ያለ ልጅ በአገራችን ደጋ ሁሉ አለ። በቆጂን የለየው ሌላም ነገር ነበረ፤ እሱም የስፖርት አስተማሪ የነበረው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነው። ይኸ ሰው በትምህርት ቤት ሜዳ ልጆችን ሲያይ ኖረ፤ ያያቸውን ለየ፤ የለያቸውን አሠለጠነ። አንድ አስተማሪ፣ አንድ ሜዳ፣ ሁለት ዓይን።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ያሬድ ንጉሤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደ ወጣት ነው። ሩጫ የጀመረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ኖትር ዳም ዩኒቨርስቲ ሲማር በ2019 የአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች የ1,500 ሜትር አሸናፊ ሆነ፤ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ በዚሁ ርቀት ለአሜሪካ ሮጦ ነሐስ አገኘ። ልብ በሉ፤ ለመሮጥ ብሎ ደብተሩን አልጣለም። እኛ ዘንድ ግን ሯጭ መሆን ማለት ብዙ ጊዜ ትምህርት መተው ማለት ነው። ሩጫው ካልሰመረ ልጁ ከሁለቱም ሳይሆን ይቀራል። በኬፕ ኮድም ቢሆን እላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ግን ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እኔም የምለው ስፖርቱ በትምህርት ውስጥ ይሁን እንጂ በትምህርት ፈንታ ይሁን አይደለም።

አሁን ወደ ቆላችን ልመለስ። ኢትዮጵያ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ውድድር ድረስ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ሁሉ በሩጫ የተገኙ ናቸው። ከነዚህም ውስጥ አጭሩ ርቀት ጽጌ ዱጉማ በፓሪስ ብር ያገኘችበት 800 ሜትር ነው። በ100፣ በ200 እና በ400 ሜትር፣ በዝላይና በውርወራ አንድም የለንም። ስለዚህ «አትሌት» ሲባል ዓይናችን ወደ ደጋ ብቻ ይዞራል። የአጭር ርቀት ሯጭ፣ ዘላይና ወርዋሪ ግን የደጋ ሳንባ ይኑረው አይባልም። ጉልበትና ፍጥነት ይበቃዋል፤ ይኸ ደግሞ ቆላም አለ። በ2024 የታተመ የሊቃውንት ጥናት በሽንፋ ወንዝ ዳር በተቆፈረ ስፍራ ከ74,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበረ፣ የተገኙትም ትናንሽ ሹል ድንጋዮች የቀስት ጫፎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገልጿል። አልሞ መወርወር በአካባቢያችን የትናንት ነገር አይደለም ማለት ነው።

ሴቶችንም እንዳንረሳ። ወንዱ ኳስ ሲጫወት እኅቱ በሃያ ሊትር ጀሪካን ውኃ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። የሷን ጉልበት ማን ለክቶት ያውቃል? የአገራችንን የሴቶች ወርቅ በር የከፈተችውም የገጠር ልጅ መሆኗን ከላይ አይተናል።

አዲስ አበባ የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ፤ አሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተጠራ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። መኖራቸው መልካም ነው። ነገር ግን የሽንፋ ልጅ ወደነዚህ በሮች ለመድረስ አገር አቋርጦ መምጣት አለበት፤ ከመምጣቱም በፊት «ይኸ ልጅ ይታይ» ብሎ የሚጽፍለት ሰው ያሻዋል። የጎደለው ይኸው ሰው ነው፤ እሱም እኛ ነን።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። አንዱ ክረምቱ ነው። በሽንፋ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይወርዳል፤ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ እግር ይይዛል፤ ቤተ ሰቡም የሰሊጥና የማሽላ አረም ላይ ነው። እውነት ነው፤ የአሜሪካኖቹን የጊዜ ሰሌዳ እንዳለ መገልበጥ ሞኝነት ነው። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት እንክፈለው። በክረምት መለካትና መመዝገብ ብቻ ይሁን፤ ለዚህ አንድ የደረቀ ሜዳና አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ውድድሩ ደግሞ ሰሊጡ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መካከል ባለው ዕረፍት ይደረግ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። ከ2023 ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት፣ በዚያው ዓመት በሱዳን የተነሣውም ጦርነት በመተማ በኩል ያደረሰብን ጭንቅ የታወቀ ነው። «በዚህ ጊዜ ስለ ዝላይና ስለ ሩጫ ይወራል?» የሚል ሰው አልቆጣውም። ነገር ግን መንገድ የማያስተማምን መሆኑ ልጆቹ ባሉበት እንዲታዩ የሚያስገድድ ምክንያት ነው እንጂ እንዳይታዩ የሚያደርግ አይደለም። ልጁ ወደ ሩቅ ከተማ ለመታየት መሄድ ካልቻለ፣ ለዕረፍት ወደ ቤቱ የሚገባው ተማሪ ይየው። መግባት በማይቻልበት ስፍራ ደግሞ ሕይወት ይቀድማልና ማንም አይላክ።

ተማሪን ለአገልግሎት ወደ ገጠር መላክ በኛ አገር አዲስ አይደለም። በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ከምረቃ በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት አገለገሉ። እነሱ ዓመት ሰጡ። እኔ የምለምነው ከዕረፍታችን ላይ ሁለት እሑድ ነው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። ፈቃደኛ ለሆነ ተማሪ ሁሉ አንድ የ50 ሜትር መለኪያና አንድ ደብተር ይሰጠው፤ ሰዓቱ በየስልካችን አለ። የስፖርት ሳይንስ አስተማሪዎቻችን ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ወስደው እንዴት እንደሚለካ ያሳዩን፤ ሰዓት ያዡ ሁለት ሰው ይሁን፣ መሬቱ ቁልቁለት አይሁን፣ የሚወረወረው ነገር ክብደት በየስፍራው አንድ ይሁን። የሚለኩት ነገሮች ሦስት ብቻ ይሁኑ፤ የ100 ሜትር ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ። ለወንዶችም ለሴቶችም፣ ዕድሜና ክፍል ተጽፎ። ስንመለስ ደብተሮቹ ይሰብሰቡ፤ አንዱ ግልባጭ ለየወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለአካዳሚው ይላክ፤ አንዱ በማኅበሩ ቁም ሣጥን ይቀመጥ። ዘንድሮ የጻፍነውን ያልተቀበለን ቢኖር፣ ለሚመጣው ዓመት ልጁ ምን ያህል እንደ ተሻሻለ አሳይተን እንጠይቀዋለን። የተጻፈ ቁጥር እንደ ጭብጨባ በኖ አይጠፋም።

ከዚህ ሥራ ኦሊምፒክ የሚደርስ ይገኛል ብዬ አልምልም። ምናልባት ከሺሕ አንድ፣ ምናልባትም ማንም። ነገር ግን «አንተ 100 ሜትሩን በይኸን ያህል ሰከንድ ሮጠሃል» ተብሎ የተነገረው ልጅ ስለ ራሱ አንድ እውነት አውቆ ይሄዳል። ይኸን ያህል እንኳ ያልተደረገለት ስንቱ ነው!

እኔ በበኩሌ የማኅበሩን ውሳኔ አልጠብቅም። በሚመጣው ዕረፍት ሽንፋ ስገባ ሜትር ይዤ እገባለሁ። ያ ጓደኛዬ ዕድሜው የኔው ዕድሜ ስለ ሆነ ገና አልመሸበትም። ጆንያውን አስወርጄ፣ 100 ሜትር ለክቼ፣ «ሩጥ» እለዋለሁ። የደብተሬ የመጀመሪያ መስመር የሱ ናት። ሁለተኛዋ መስመር የማን እንደምትሆን እናንተ በየአገራችሁ ፈልጉ።

ከሽንፋ ልጆች አንዱ