ስለ ምግብ ቤቶቻችን የወይን ጠጅ ዝርዝር

በሐረር ከተማ ለእንግዳ ማረፊያ ከፍ ያለ ገንዘብ ያወጡ ሆቴሎች የሚያቀርቡት የምግብ ዝርዝር በቆዳ የተለበጠ፣ በሁለት ቋንቋ የተጻፈና ለዓይን ያማረ ነው። ለመጠጥ የተመደበው ገጽ ሲገለጥ ግን፣ ስሙን በማንጠቅሰው በአንድ ቤት እንዳየነው፣ «ቀይ የወይን ጠጅ፣ ነጭ የወይን ጠጅ፣ የውጭ አገር የወይን ጠጅ» ከሚሉ ሦስት መስመሮችና ከዋጋቸው በቀር አንዳች ነገር አይገኝበትም። የጨርቅ ነጋዴ «ቀይ ጨርቅ፣ ነጭ ጨርቅ» ብሎ ብቻ ዋጋ ቢለጥፍ ማን ይገዛዋል?

የወይን ጠጅ ዝርዝር የሚመዘነው በጠርሙስ ብዛት አይደለም። አሥር ዓይነት በሚገባ አውቆ የሚያቀርብ ቤት መቶ ዓይነት ከሚደረድር ይበልጣል። መጠየቅ ያለበት፣ ጠጁ ከየት አገር እንደ መጣ፣ ማን እንደ ጠመቀው፣ ከምን ዓይነት የወይን ፍሬ እንደ ተሠራ፣ ፍሬው በየትኛው ዓመት እንደ ተለቀመ፣ ይልቁንም ጣፋጭ ወይም ደረቅ መሆኑ ተጽፏል ወይ የሚለው ነው። የአገራችንን ምርት እንመልከት። የአዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱማይት ለብዙ ዘመን ሲጠጡ የኖሩ ናቸው፤ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ ደግሞ በዝዋይ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2007 ወይን ተክሎ በ2014 ሪፍት ቫሊንና አካሲያን ለገበያ አውጥቷል። ስለዚህ «ነጭ» ብሎ ላዘዘ እንግዳ ጣፋጩ ይቅረብለት ወይስ ደረቁ ሻርዶኔ? አሳላፊው ያገኘውን ያነሣል፤ እንግዳውም ያልፈለገውን ጠጥቶ ይከፍላል፤ ሁለተኛ ግን አያዝም። (በርበሬ ለበዛበት ወጥ ጥቂት ጣፋጭነት ያለው ይስማማል ብንል ብዙዎች የሚደግፉን ይመስለናል።)

ሁለተኛው ነገር አያያዝ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በድሬዳዋ ቆላ አልፎ የሚመጣ ካርቶን በፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን ቢቆም ጠጁ እንደ ተቀቀለ ይቆጠራል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ነፋሻ ከተማ ስለ ሆነች ለማከማቸት ትመቻለች፤ ነገር ግን ጠርሙሱን ከምድጃ አጠገብ ካለ መደርደሪያ ላይ አቁሞ ማኖር ይህን ጸጋ ያጠፋዋል። በቡሽ የተከደነው ጠርሙስ ተጋድሞ በጨለማ ይቀመጥ፤ በብርጭቆ የሚሸጠውም የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት። በብዙ አገር ምግብ ቤቶች የመግዣውን ዋጋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ማስከፈል የተለመደ ነው። ይህንን አንነቅፍም፤ ትርፉ የጥበቃና የዕውቀት ዋጋ ነውና። ጥበቃውም ዕውቀቱም በሌለበት ግን እንግዳው የሚከፍለው ስለ ምንድን ነው?

አንዳንዶች፣ የወይን ጠጅ በሐረር ያን ያህል የማይሸጥ ነገር ነው፣ በሃይማኖት ምክንያትም የማይሸጡት ቤቶች አሉ ይላሉ። እውነት ነው፤ እነዚህን ቤቶች እናከብራለን። ነገር ግን የምንለው ቃል ለእነርሱም ይሠራል፤ በዝርዝራቸው ላይ «ቡና» ተብሎ ብቻ ተጽፎ እናገኛለንና። ሳይታጠብ ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቀውን የሐረርን ቡና የውጭ አገር ቀማሾች ጣዕሙ የወይን ጠጅ ይመስላል እያሉ ይገልጹታል። መንግሥታችን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተሟግቶ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተስማማው፣ የቦታ ስም ገንዘብ መሆኑን ስለ ተረዳ ነው። የከተማችንን ስም በሲያትል ያስከበርን ሰዎች በራሳችን ገበታ ላይ «ቡና» ብለን ማለፋችን ያስገርማል።

ስለዚህ አስመጪዎችና አከፋፋዮች ከየካርቶኑ ጋር የጠጁን አገር፣ ፍሬ፣ ዓመትና ጣዕም የሚገልጽ ግማሽ ገጽ በአማርኛ አትመው ቢሰጡ፣ የሆቴል ባለቤቶችም ያንኑ በዝርዝራቸው ላይ ቢገለብጡ፣ ወጪው ከአንድ ጠርሙስ ዋጋ አይበልጥም። ቡና ላኪዎችም የመጡበትን ወረዳና የዝግጅቱን ዓይነት ጽፈው ለሆቴሎቹ ይስጡ።